ወገቡን እይ ያሉኝ ጋሼ ኤሊሴዮ

ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስመለስ፣ በስዊድን የምድር ውስጥ ባቡር፣ ቀዩ ቱነልባና ውስጥ፣ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ሴትዮ ብርቱካን መላጥ ጀመረች። ሽታው ገና አፍንጫዬን ሲነካው አፌ ምራቅ ሞላ። ብርቱካን ስለምወድ እንዳይመስላችሁ፤ የጎደለው ነገር ስለታወቀኝ ነው። «ጨውና ሚጥሚጣውስ?» ልላት ትንሽ ቀረኝ። ፊቲያ ጣቢያ ስንደርስ ምንም ጉዳይ ሳይኖረኝ ብድግ ብዬ ወረድኩና የልጅነቴ ኳስ ሜዳ ድረስ ሄድኩ። በእኛ ጊዜ ጠጠር ነበር፤ አሁን አረንጓዴ ምንጣፍ አልብሰውታል። አጥሩን ተደግፌ ያቺን ከመጋቢት እስከ ሰኔ የዘለቀች የኳስ ወቅት አንድ በአንድ አስታወስኳት።

አስር ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የሴት ልጆች ቡድን ሊቋቋም ነው የሚል ወረቀት አደሉን፤ እኔም ይዤ ወደ ቤት በረርኩ። አባቴ በወጣትነቱ አዲስ አበባ ስታዲየም ድምፁ እስኪዘጋ የሚጮህ ሰው ነበር አሉ። ወረቀቱን አገላብጦ አየና «ሂጂ፤ ግን ጨዋነትሽን ሜዳ ላይ ጥለሽ እንዳትመጪ» አለኝ። ጨዋነት ማለት እኛ ቤት ዋናው ነገር ነበር። ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ ማለት፣ ትልቅ ሰው ሲያናግር አንገት ደፋ ማድረግ። ትልቅ ሰው ፊት ዓይኑን የሚያፈጥ ልጅ ዓይን አውጣ ነው፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ይህን ትምህርት ከማንም በላይ ወስጄዋለሁ። የጎረቤቶቻችንን ሁሉ ጫማና ቀበቶ አውቅ ነበር፤ ፊታቸውን ግን እንጃ።

አሰልጣኛችን የስፖርት አዳራሹ ቫክትሜስታሬ ነበሩ፤ መብራት የሚቀይሩት፣ በረዶ የሚጠርጉት፣ ቁልፉን ሁሉ ወገባቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩት ሰውዬ ማለት ነው። ኤሊሴዮ ይባላሉ፣ ሜክሲኮአዊ ናቸው፤ እዚያ አገራቸው የታወቁ ተከላካይ ነበሩ ተብሎ ይወራል። ልጆቹ ሁሉ በስዊድን ደንብ «ኤሊሴዮ! ኤሊሴዮ!» እያሉ ይጠሯቸዋል። እኔ ምን ቆርጦኝ የአባቴን ታላቅ በባዶ ስም እጠራለሁ! ስዊድንኛው ደግሞ ከአንተ በቀር ሌላ ነገር የለውም። ቸገረኝና «ጋሼ» አልኳቸው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በረኛችን ኤሊፍ፣ ፊንላንዳዊቷ፣ ሶርያዊቷ፣ ሁሉም «ጋሼ! ጋሼ!» ሆነ። የማዕረግ ስም መስሏቸው ነው፤ ደግሞም ነው።

የመጀመሪያ ቀን ምን ላይ መጫወት እንደምንፈልግ ጠየቁን። አጥቂ አልኩ፣ ሁሉም አጥቂ አለ። ጋሼ ግን ለሩብ ሰዓት ያህል እርስ በርስ አጋጠሙንና እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው «መሃል ተከላካይ» አሉ። እኔ የሰማሁት «ጥፋተኛ» የሚል ነው። ጎል የምታገባ ልጅ ማልያዋ ከኋላ እየተጎተተ ትታቀፋለች፤ ተከላካይን ማን ያቅፋታል? ምን አጥፍቼ ነው ብዬ ሆዴ ባባ። ማልቀሴን እንዳያዩብኝ ወደ ብርቱካኑ ሳህን ጠጋ አልኩ።

እሳቸው ሁልጊዜ ብርቱካን በአራት በአራት ቆርጠው ያመጡ ነበር፤ ከኪሳቸው ትንሽ ብልቃጥ አውጥተው ቀይ ነገር ከጨው ጋር ይነሰንሱበታል። ልጆቹ አንዴ ቀምሰው «አቃጠለን!» እያሉ ይተፉታል። እኔ ቀመስኩና «ጋሼ፣ ይሄኮ ሚጥሚጣ ነው። ከየት አመጡት?» አልኩ። ከሜክሲኮ ነው አሉኝ። ያን ቀን ሜክሲኮ ከናዝሬት ብዙም የማትርቅ አገር መሆኗን በልቤ ወሰንኩ። የዚያ ብርቱካን ደንበኛ እኔ ብቻ ነበርኩ። ሲነሰንሱ ግማሹ ብርቱካኑን ስቶ ጫማዬ ላይ ይፈስ ነበር፤ የለጋስ ሰው እጅ እንዲህ ነው እያልኩ እደነቅ ነበር።

ሌላም የሚያስደንቀኝ ነገር ነበራቸው። ከግራ በኩል ስትጠራቸው አንገታቸውን ብቻ አያዞሩም፣ መላ ሰውነታቸውን ዞረው ነው የሚያዩህ። አባቴ ለሽማግሌ ብድግ እንደሚለው ያለ ጨዋነት መሰለኝ፤ ለአስር ዓመት ልጅ እንዲህ የሚዞር ሰው የት ይገኛል? ሲያስረዱኝ ደግሞ «በቀኜ ቁሚ» ይሉኛል። ቀኝ የክብር ቦታ ነውና ኮራሁ። ለኤሊፍም ነገርኳት፤ እሷን በቀኛቸው ቁሚ ብለዋት አያውቁም ነበር።

በሚያዝያ ተከላካይነቱን ወደድኩት። ለምን እንደሆነ ባላውቅም ማንም አብዶ ሊሠራብኝ አልቻለም። አጥቂዋ ወደ ግራ አይታ ወደ ቀኝ ትሄዳለች፤ እኔ ቀኝ ላይ እጠብቃታለሁ። ራሷን ትነቀንቃለች፣ ትከሻዋን ትጥላለች፣ እኔ ንቅንቅ የለም። ጋሼ መስመሩ ላይ ቆመው ያጨበጭባሉ። «ዓይንም ይዋሻል፣ ራስም ይዋሻል። ሰው ያለ ወገቡ የትም አይሄድም፤ ወገቡን እይ። ይቺን ልጅ ግን ማን አስተማራት?» ይሉ ነበር። እኔም ማን እንዳስተማረኝ አላውቅም ነበር።

አንድ ዝናባማ ቀን ልምምዱ ቀረና አዳራሹ ውስጥ ቪዲዮ አሳዩን። አሮጌ ካሴት ነው፣ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ ጋሼ በመጨረሻ ዘመናቸው የተጫወቱት ትልቅ ጨዋታ ነው ተባለ። አራት ቁጥርን ፈልጉ አሉን። ፈለግን። ኳስ ወዲያ ትሄዳለች፣ ወዲህ ትሄዳለች፣ አራት ቁጥር ወይ ከኋላ ቆሟል ወይ ጭራሽ አይታይም። ጎል የለ፣ ቴስታ የለ፣ ተንሸራቶ መቀማት የለ። አንዷ «ጋሼ ትኬት ገዝተው ነው እንዴ የገቡት?» አለችና ሁሉም በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም። አዘንኩላቸው። ምስኪን ሰውዬ፣ ስም ብቻ ነው ያላቸው ብዬ አፈርኩላቸው።

በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤት ጉድ ፈላ። አስተማሪ፣ ወላጅና ልጅ አንድ ላይ ተቀምጠው የሚነጋገሩበት ስብሰባ አለ፣ ሳምታል ይሉታል። ፍሮከን፣ ማለት አስተማሪዬ፣ መልካም ሰው ነበረች። ሒሳቧ ጎበዝ፣ ንባቧ ጎበዝ ብላ አመሰገነችኝና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ሳናግራት አንድም ቀን ዓይኔን አይታኝ አታውቅም። ምናልባት የሆነ ችግር ካለ ብትመረመር ይሻላል። እንደ ውጤቱ ደግሞ ለብቻቸው ከሚማሩት ጥቂት ልጆች ጋር ልናደርጋት እንችላለን። ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ተገናኝተን እንወስን» አለች።

አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እሺ፣ እሺ» አለ። ኪስታ በሚገኝ የቴሌኮም መሥሪያ ቤት መሐንዲስ የሆነ ሰው፣ በስብሰባ ላይ ፈረንጆቹን የሚሞግት ሰው፣ አስተማሪ ፊት ግን ቃል አይወጣውም። አስተማሪን መቃወም ነውር ነው ብሎ ያደገ ነው። ጠረጴዛውን እያየ «እሺ» ብሎ ተነሳ።

ደጅ ስንወጣ ግን ፈነዳ። «ለምንድነው አስተማሪሽን የማታይው?»

በስዊድንኛ መለስኩለት፤ ስናደድ አማርኛው ይጠፋኛል። «አንተ አይደለህ አትመልከቺ ያልከኝ?»

«በአማርኛ! እኔ አታፍጥጪ አልኩ እንጂ ታመሚ አልኩሽ? ልጄን የታመመች ብለው ወረቀት ላይ ሊጽፏት ነው!» ድምፁ ተሰበረ። አባቴን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ለብቻቸው የሚማሩት ልጆች ክፍል ከታች ከምድር ቤቱ አጠገብ ነበር፣ እረፍታቸውም ከእኛ ጋር አይገጥምም። ኤሊፍን በምሳ ሰዓት እንኳ ላላያት ነው። «ይሄ ነገር እስኪለይለት ኳስም ይበቃል። ቅዳሜ ካለችው ጨዋታ በኋላ አበቃ» አለ አባቴ።

ከዚያ ማታ ጀምሮ ከእራት በኋላ ልምምድ ሆነ። አባቴ ሶፋ ላይ ይቀመጣል፣ እኔ ፊቱ እቆማለሁ። «ዓይኔን እይ። ስምሽ ማነው?» «ቤዛ።» «ወረደ! ዓይንሽ ወረደ! እንደገና።» ከእሱ ዓይን ሽሽት ወደ ቅንድቡ፣ ከቅንድቡ ወደ ግንባሩ። እናቴ ከወጥ ቤት «ኧረ በስመአብ፣ ፖሊስ ጣቢያ አደረጋችሁት!» ትላለች። በአምስተኛው ቀን እስከ አስር ድረስ እየቆጠርኩ ዓይን ማየት ቻልኩ። አባቴም እኔም ላብ በላብ ሆንን።

ቅዳሜ ለጨዋታው በባቡር ወደ ሶለንቱና ሄድን። ፊሽካው ተነፋ። አጥቂያቸው ቀጭን፣ ጸጉረ ቀይ ልጅ ናት። መጣችብኝ፤ እኔ እንደለመደብኝ ሳይሆን፣ እንደ ሰለጠንኩት ዓይኗን አየሁ። ወደ ግራ አየች፣ ወደ ግራ ሄድኩ። እሷ በቀኝ አልፋ አገባች። ደግማ መጣች፣ ደግማ ሸወደችኝ። ሦስተኛው ላይ እግሬ ተጠላልፎ በጉልበቴም በግንባሬም ጠጠሩን ነካሁ። ኤሊፍ ከጎሉ ውስጥ «ቤዛ! ምን ነካሽ?» እያለች ትጮሃለች። አራት ለባዶ ተሸነፍን። አፈር በበላሁ አልኩ፤ አፈሩንማ በልቼዋለሁ።

ጋሼ አልተቆጡም። ሻንጣው አጠገብ ተቀምጠው «ዛሬ ምን እያየሽ ነበር?» አሉኝ።

«ዓይናቸውን።»

«ማን እይ አለሽ?»

ሁሉንም ዘረገፍኩት፤ ፍሮከንን፣ ምርመራውን፣ የምድር ቤቱን ክፍል፣ የሶፋውን ልምምድ፣ ዛሬ የመጨረሻዬ መሆኑን። ብርቱካን ሰጡኝ፤ ግማሹን ጨው ጉልበቴ ላይ አፈሰሱት፣ የተላጠውም ቁስል ተቃጠለ። «አባትሽ ነገ ቤት አለ?» አሉኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ካሴታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ቤታችን መጡ። አባቴ ብድግ፣ እናቴ ብድግ፣ እኔ ብድግ። ጋሼ ስለ እኔ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ካሴቱን ቪዲዮው ውስጥ ከተቱት። እኔ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ በእፍረት ልሞት ደረስኩ፤ አባቴ ስታዲየም ያደገ ሰው ነው፣ አሁን ባዶነታቸውን ያውቅባቸዋል። አባቴ ሃያ ደቂቃ ያህል አየ። ከዚያ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋ።

«ቆይ፣ ቆይ። የተቃራኒው ዘጠኝ ቁጥር የታለ?» አለ።

ጋሼ ሳቁ። «በዚያ ዓመት በአገራችን ከሁሉ የበለጠ ጎል ያገባ ሰው ነው። ፈልገው።»

አባቴ ፈለገ። እኔም ተነስቼ ፈለግኩ። ዘጠኝ ቁጥር ኳስ ሳይነካ ወዲህ ይሮጣል፣ ወዲያ ይሮጣል፣ እጁን ዘርግቶ ለዳኛ ያማርራል። ከጎኑ ሁሌም አንድ ሰው አለ፤ አራት ቁጥር። ኳስ ወደ ዘጠኙ ልትላክ ስትል አራቱ ቀድሞ ቆሞበታልና ወደ ሌላ ትላካለች። ወይ ጉድ! ጋሼ ያልታዩት ምንም ስላልሠሩ ሳይሆን፣ እሳቸው ባሉበት ምንም ነገር እንዳይሆን ስላደረጉ ነው። አባቴ ጉልበቱን በጥፊ መታ። «ሰውዬውንኮ በሉት! ሳይነኩት በሉት!» አለ በአማርኛ፣ ጋሼም የገባቸው ይመስል ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሻይ ቀረበ። አባቴ ኳስ ለምን እንዳቆሙ ጠየቃቸው። ጋሼ በጣታቸው ወደ ፊታቸው አመለከቱና አንድ ነገር አሉ፤ አባቴ ከንፈሩን መጠጠ፣ እናቴ «እኔን!» አለች። እኔ ያን ጊዜ የማየው ካልሲያቸውን ነበር፤ አውራ ጣቱ ላይ ተጥፎ ነበር። ስለ ጥርስ ሕመም የሚያወሩ መሰለኝ።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆመው አባቴን «ልጅህ ሳትማር ያወቀችውን እኔ ለመማር ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል። እባክህ አታድናት» አሉት። የሶፋው ልምምድ ያን ቀን ቀረ።

ሁለተኛው ስብሰባ ላይ ጋሼም ኳስ በብብታቸው ይዘው መጡ። ፍሮከን ገረማት። አባቴ ጉሮሮውን ጠረገና፣ እግዜር ይስጠው፣ ተናገረ። «በእኛ አገር ልጅ ትልቅ ሰው ሲያናግራት አታፈጥም። ያከበረችውን ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን አታይም። ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ ባለፈው ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» አለ። ፍሮከን አንዴ እሱን አንዴ እኔን አየች። ሁለታችንም አንገታችንን ደፍተን ጠረጴዛውን እያየን ነበር። «እናንተ እኮ አንድ ናችሁ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች።

ጋሼ ግን በዚህ አልበቃቸውም። ግቢ አስወጡንና ፍሮከንን «እስቲ አብዶ ሥሪና እለፊያት» አሏት። ፍሮከን በወጣትነቷ የእጅ ኳስ ትጫወት ነበር፣ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ መጣች። ወደ ግራ አየች፣ በቀኝ ልታልፍ ስትል ቀማኋት። በራሷ ሸወደች፣ ቀማኋት። ሦስተኛው ላይ ዞራ ልታመልጥ ሞከረች፣ ቀማኋት። ፊቷ ቲማቲም መስሎ «ምኔን ነው የምታይው?» አለችኝ። «ወገብሽን» አልኳት። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ሰምቻት አላውቅም ማለት ይሻላል።

ምርመራው ቀረ፣ የምድር ቤቱም ክፍል ቀረ። ፍሮከን አንድ ነገር ብቻ ለመነችኝ፤ ለእሷ ስል፣ ጠዋት ጠዋት እጇን ስጨብጥ አንድ ጊዜ ብቻ ቀና እንድል። ኳስ ስትይዝ ግን ወገቧን እንድመለከት ተስማማን። ይህን ውል አባቴም ወደደው። ኳሱም ተመለሰልኝ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሰኔ በተጫወትናቸው ጨዋታዎች የእኔ አጥቂ አንድም አላገባችም። ማንም አላቀፈኝም፣ እኔም አልቸገረኝም።

በሰኔ ጋሼ እናታቸው ስላረጁ ወደ አገራቸው ሊመለሱ ነው ተባለ። የመጨረሻው ልምምድ አልቆ ልጆቹ አንድ በአንድ ተሰናብተዋቸው ሄዱ። እኔ መጨረሻ ላይ የቀረሁት ሆን ብዬ ነው። ለእሳቸው ስል አንድ ትልቅ ነገር ላደርግ ወስኜ፣ ከፍሮከን ጋር ሦስት ቀን ተለማምጄ ነበር። እጅ እጨብጣለሁ፣ ቀና እላለሁ፣ ዓይናቸውን እያየሁ አመሰግናለሁ። እስከ አስር።

እጄን ዘረጋሁ። ያዙኝ። ቀና አልኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ቀኝ ዓይናቸው እኔን ያየኛል። ግራው ግን ከትከሻዬ በላይ ያለውን ጎል ነው የሚያየው፤ አይንቀሳቀስም፣ እንደ ብርጭቆ ያበራል። ብርጭቆም ነበር።

«ጋሼ፣ ዓይንህ!» አልኩ። ስዊድንኛው አንተ አምልጦኝ ነው።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«ግራው... አያይም!»

ጋሼ እጄን እንደያዙ ቀሩ። «አሁን ነው ያየሽው?»

«አሁን።»

«ከመጋቢት ጀምሮ?»

«ከመጋቢት ጀምሮ።»

ጠጠሩ ላይ ቁጢጥ አሉ። በክርን ተመተው እንደጠፋ፣ ለአሰልጣኛቸው ሳይናገሩ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድ ዓይን እንደተከላከሉ፣ ካሴቱ ላይ ያለው ጨዋታም ያኔ የተደረገ እንደሆነ ነገሩኝ። «ልጆች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው። ይጠይቁኛል ወይ ይሸሹኛል። አንቺ ግን በመጀመሪያው ቀን የጠየቅሽኝ ስለ ብርቱካኔ ነው። ይቺ ልጅ እንዳይከፋኝ ብላ እንዳላየች ሆነችልኝ፣ ምን ያለች ደግ ናት እያልኩ ለሚስቴ ስነግራት ነበር የከረምኩት።»

ደግ ናት መባሉን ዝም ብዬ ልቀበለው ትንሽ ቀረኝ። ግን ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት አቃተኝ። «ኧረ ጋሼ፣ እውነት አላየሁም ነበር። አክብሬዎት ነው» አልኳቸው፤ እርስዎውን በአማርኛ።

አማርኛውን ባይሰሙም የገባቸው ይመስለኛል። መሳቅ ጀመሩ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ቁልፎቻቸው እየተንሿሹ፣ ሳቃቸው ወደ ልቅሶ እስኪዞር ሳቁ። እንባው ከማያየውም ዓይን ይወርድ ነበር። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ሁለቱንም አበሱ፤ እኔም አስር ድረስ ቆጥሬ ጨርሼ፣ አንገቴን ሳልደፋ ቆየሁ።